ከጉርጉሱም የመጣው አምባር

አቶ ተስፋማርያም የሞቱት ከወርቅ ቤታቸው ጀርባ ባለችው የሥራ ክፍል ውስጥ ነው። ያገኟቸው ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሄ ነበሩ። ዕለቱ እሑድ፣ ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ ሰባ አምስት። የቀበሌው ስብሰባ ተበትኖ የፒያሳ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ጋሽ ሙሄ የጎረቤታቸውን በር ገርበብ ብሎ አዩት። «ተስፌ!» ብለው ተጣሩ። መልስ ሲያጡ ገቡ፤ ወዲያውም ወጥተው አስፋልቱ ዳር ቁጭ አሉ።

ሻምበል አብዱልሰላም ከጣቢያው በእግሩ መጣ። ወንጀል ወደተፈጸመበት ክፍል ከመግባቱ በፊት ደፉ ላይ ቆሞ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከቀኝ ወደ ግራ የማየት ልማድ ነበረው። አብሮት የመጣው ሃምሳ አለቃ ከበደ፣ አራዳ ተወልዶ ያደገ፣ ይህን ልማድ ስለሚያውቅ ከኋላው ቆሞ ጠበቀ።

ሟቹ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ከራሳቸው አጠገብ ባለው የወርቅ መዳመጫ ማሽን ጠርዝ ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቋል። ካዝናው እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ሟቹ ቀበቶ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ የአንገት መስቀል፣ ሞረድና መቆንጠጫ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ወለሉ ግን ተጠርጓል። የመጥረጊያው ጭረት ከጠረጴዛው ሥር ተነስቶ እስከ ሟቹ እግር ይደርስና እግራቸውን ዞሮ ያልፋል።

«ከሞቱ በኋላ ነው የተጠረገው» አለ ሻምበሉ።

«ሌባ ከሆነ በጣም ጨዋ ሌባ ነው፣ ጌታዬ» አለ ከበደ። «ወርቁን ትቶ ቤቱን ጠርጎ ሄደ። ምነው የኔ ቤት በገባ!»

ሻምበሉ ተንበርክኮ ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ነገር አወጣ። አንዱ የማርማላታ ጠርሙስ ክዳን ነው፤ ጠርሙሱ ግን የትም የለም። ሌላው ከጥፍር የማትበልጥ ነጭ ዛጎል ናት።

«ፒያሳ ባሕር አለው እንዴ?»

«ክረምት ላይ ቸርችል ጎዳናን ካልቆጠርን የለውም» አለ ከበደ።

ውጭ ጋሽ ሙሄ ከተቀመጡበት አልተነሱም። እሳቸውም ወርቅ ሠሪ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው ከተስፋማርያም ግድግዳ ጋር የተያያዘ ሱቅ ከያዙ ብዙ ዘመናቸው ነው።

«ከሟቹ ጋር እንዴት ነበሩ?» አላቸው ሻምበሉ።

«እንዴት እንሆናለን፣ ልጄ? ደንበኛዬን ሲወስድብኝ እጣላዋለሁ፣ ደንበኛውን ስወስድበት ይጣላኛል። ሲመሽ አብረን ማኪያቶ እንጠጣለን።»

«ሰሞኑንስ የማን ተራ ነበር?»

«እሱ ነው ያኮረፈው» አሉ። «ዛሬ ልታረቀው ነበር የመጣሁት።»

ስለ ጠርሙሱ ሲጠይቃቸው አስታወሱ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የሚያነክስ ሰው አሸዋ የሞላበት ጠርሙስ ይዞ ወደ ተስፋማርያም ሱቅ ሲገባ አይተዋል። ሰውየው ዓምደሚካኤል ይባላል፤ ወታደር የነበረ ነው፤ የሚኖረው እሪ በከንቱ ከእህቱ ጋር ነው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዞ አገር ይዞራል ይባላል።

እሪ በከንቱ ሲደርሱ የቀበሌው ጥበቃዎች ቀድመዋቸዋል። ፖሊስ ዓምደሚካኤልን እንደሚፈልግ አንድ ጎረቤት ሰምቶ ነግሯቸው ኖሮ፣ ቤቱን በርብረው ብርድ ልብሱን ፈትተውታል። ከውስጡ ረጅም እንጨት ወጣ፤ ጫፉ ላይ በቀለበት የተጠመጠመ ሽቦ፣ መሐሉ ላይ የሬዲዮ ዕቃ የታጨቀበት ሣጥን፣ ከሣጥኑ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ይወጣል። የጥበቃዎቹ አለቃ የሰላይ ሬዲዮ ነው ለማለት ከጆሮ ማዳመጫው ሌላ ማስረጃ አልፈለገም። ሪፖርቱ ከሻምበሉ በፊት ወደ ላይ ደረሰ።

ሰኞ ጠዋት ካፖርት የለበሰ ሰው ጣቢያው ድረስ መጣ። ከየት እንደመጣ አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

«ገዳዩ የእርስዎ ነው» አለ ለሻምበሉ፣ ሳይቀመጥ። «መሣሪያው የእኛ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሰውየውንም መሣሪያውንም እንረከባለን።»

«ገዳዩ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝስ?»

«ያኔ ያሳዩኝ። መሣሪያውን ግን በዓይኔ ሳላየው የምለቀው ሰው የለም።»

ሰውየው ከወጣ በኋላ ከበደ በሩን ዘግቶ ቆመ። ቀልድ አልመጣለትም። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው እንዴት እንደሚመለስ፣ ይመለስም እንደሆነ፣ ጣቢያው ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

በሩ ላይ የዓምደሚካኤል እህት የሺዓለም ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማለች። ሻምበሉ ሲወጣ መንገዱን ዘጋችበት።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ሰው አይገድልም። ፈንጂ ሲነቅል የኖረ ሰው ነው። የሰው ሕይወት ሲያተርፍ ነው እግሩ የሄደው።»

«ስለ መሣሪያው ምን ያውቃሉ?»

«ከሱ ጋር እንደሚያወራ አውቃለሁ። ከእኔ ጋር አያወራም።»

ዓምደሚካኤል በጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊቱ ፀሐይ የጠበሰው፣ አርባ አምስት የሚሆነው ሰው ነው። ሻምበሉ ወንበር ስቦ ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጠ።

«አቶ ዓምደሚካኤል፣ ሥራዎን ይንገሩኝ። ከመጀመሪያው።»

«ሥራ አይባልም፣ ጌታዬ። ሠራዊቱ ውስጥ ሳለሁ የተማርኩት ፈንጂ መፈለግ ነው። ስሰናበት መሣሪያውን ወሰዱና እኔን አሰናበቱኝ። ከአሮጌ ሬዲዮ ሌላ ሠራሁ። ክረምቱ ሲወጣ የድሮ ጓዶቼ በኮንቮይ ምጽዋ ያወርዱኛል። ጉርጉሱም የሚባለው ዳርቻ ላይ የዋናተኛ ዕቃ እፈልጋለሁ።»

«ሰፊ አሸዋ ነው። ከየት ይጀምራሉ?»

ዓምደሚካኤል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ሰው ልብሱን የሚያወልቅበት ቦታ ላይ ሳንቲም አለ። ከኪስ ይወድቃል። ቀለበትና አምባር ግን እዚያ አይገኝም፤ እሱ ውሃው ውስጥ ነው የሚወልቀው፣ ሰው ሲዋኝ። ንፋስ ሲነሳ ባሕሩ ከባድ ከባዱን አንድ ቦታ ያከማቻል። ዛጎሉ በመስመር የተደረደረበትን አያለሁ። ውሃው ሲሸሽ ያንን መስመር ይዤ እሄዳለሁ።»

«መሣሪያው እዚያ ይሠራል?»

«ያስቸግራል። ጨው ያለው እርጥብ አሸዋ ራሱ ያስጮኸዋል። ስለዚህ ዝም እንዲል አላደርገውም፤ ሁልጊዜ ቀስ ብሎ እንዲያንጎራጉር አድርጌ የዜማው መለወጥ ላይ ነው ጆሮዬን የምጥለው። ሲለወጥ እቆፍራለሁ። አብዛኛው ቆርኪ ነው። ከዚያ የጥይት ቀለህ። አልፎ አልፎ የጣሊያን ሳንቲም፣ ጠገራ ብር። ብር ከባሕር ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ወርቅ ግን እንደገባ ይወጣል።»

«ለአቶ ተስፋማርያም የወሰዱትስ?»

«አምባር ነው። ሰፊ፣ ጠርዙ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። ካገኘሁት ሁሉ ትልቁ ነበር። አሸዋና ዛጎል ጋግሮበታል። እኔ አልፍቅም፤ ከፋቅኩት እጭረዋለሁ። ያገኘሁትን ከነአሸዋው ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ለባለሙያ ነው የምሰጠው። ከውስጥ በኩል 'እፀ' የሚል ፊደል አየሁ፤ የቀረው ተሸፍኗል።»

«አቶ ተስፋማርያም ምን አሉ?»

«ጠርዙን ሲያዩ ደስ አላቸው። 'ይህ የኔ ቤት ሥራ ነው፣ ባለቤቷንም ሳላውቃት አልቀርም፤ ከተገኘች ወሮታህን አስከፍላታለሁ፣ ሰኞ ተመለስ' አሉኝ። ጠርሙሱን ትቼ ሄድኩ።»

«እሑድስ?»

«እቤት ነበርኩ። መሣሪያዬን ጨው ስጠርግለት።»

«ማን አየዎት?»

«መሣሪያዬ» አለና፣ ያለውን ራሱ ሰምቶ አፈረ።

ሻምበሉ ወደ ወርቅ ቤቱ ሲመለስ ከበደ አንዲት ደህና የለበሰች ሴት በር ላይ አቁሟል። እፀገነት ትባላለች፤ ቸርችል ጎዳና ካሉት መሥሪያ ቤቶች ባንዱ ጸሐፊ ናት። የሆነውን ከከበደ ሰምታ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ቅዳሜ ከቢሮ ልወጣ ስል ደወሉልኝ» አለች። «ቃል በቃል እነግርዎታለሁ፤ 'ልጄ፣ የጠፋብሽ ተገኝቷል፣ ሰኞ ነይ' አሉኝ። ስልኩ ላይ አለቀስኩ። በስልሳ ስድስት ነው የተጋባነው፣ ከለውጡ በፊት። ለጫጉላችን ምጽዋ ሄድን፤ እዚያ ስዋኝ ከእጄ ወለቀ። የባሌ እናት እስከ ዛሬ አላመነችኝም። 'ለወንድሟ ሰጥታ ነው' ትላለች። በየበዓሉ፣ እንግዳ ፊት።»

«ባለቤትዎ ስለ ስልኩ ያውቃሉ?»

«ነገርኩት። ምንም አላለም።» የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጥ አደረገች። «እሱ እሑድ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለእርሻ ዘመቻ ሰበታ ነበር።»

ከበደ ይህን ጽፎ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። «ባልየው ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲኮተኩት ነው የዋለው፣ ጌታዬ። ከሱ ይልቅ እናቲቱን ብንጠረጥር ይሻላል።»

እፀገነት ግን ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ጨምራ ነበር። ተስፋማርያም ቅዳሜ ሲመሽ ሁለተኛ ጊዜ ቤቷ ደውለዋል። ድምፃቸው ተለውጧል። «ሁለተኛውንም አምባር ይዘሽ ነይ» አሏት፣ ለምን እንደሆነ ሳይነግሯት። አምባሮቹ ጥንድ ነበሩ። ከቦርሳዋ ያወጣችውም ያንን የቀረውን ነበር። ሻምበሉ ደረሰኝ ጽፎላት ተቀበላት።

ለቅሶው አራት ኪሎ ነው፤ ድንኳኑ ከሟቹ ቤት በር ፊት ለፊት ተተክሏል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ምብራት ጓዳ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ጽጌማርያም የሚባል ሠላሳ ሁለት የሚሆነው ሰው አለ፤ ዓይኖቹ አብጠዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከተስፋማርያም እጅ ሥር ሙያ የተማረ፣ አሁን የቤቱ ዋና ሠራተኛ ነው።

«ልጅ አልሰጠንም፤ ልጃችን ይኸው ነው» አሉ ወይዘሮ ምብራት።

«ቅዳሜ ማታ አቶ ተስፋማርያም እንዴት ነበሩ?»

«እራት አልበላም። 'ምን ሆንክ?' ስለው 'የቆየ ሥራ ተመልሶ መጣብኝ' አለኝ። ሌላ አልተናገረም። እሑድ ወገቡን ያመው ነበር፤ ለስብሰባው የሐኪም ወረቀት ሰጠና እሱ ግን ሱቁ ሄደ።»

ሻምበሉ ወደ ጽጌማርያም ዞረ። «አምባሩን አይተኸዋል?»

«የትኛውን አምባር? ቅዳሜ ረፍቴ ነበር።»

«እሑድስ?»

«ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስሜ ሲጠራ 'አለሁ' ብያለሁ። ጋሽ ሙሄ ከፊቴ ነበሩ፤ ይጠይቋቸው።»

ጠየቋቸው። ጋሽ ሙሄ ሲገባ አይተውታል፣ ሲወጡም አይተውታል። መሐሉን አላዩም፤ ከፊት ስለተቀመጡ ወደ ኋላ አልዞሩም። ከበደ በር ላይ የነበረውን ጥበቃ አነጋገረ።

«ማንም እንዳይወጣ ታዞ ነበር» አለ ሲመለስ። «ግን ስብሰባው ረዘመ። ስብሰባ ሲረዝም ፊኛ ራሱ ፀረ አብዮት ይሆናል፣ ጌታዬ። ግማሹ አዳራሽ ሽንት ቤት ብሎ ወጥቷል። ጥበቃው ማን እንደወጣ አያውቅም፤ ማን እንደተመለሰማ ጭራሽ።»

«ስለዚህ ሙሄም መውጣት ይችሉ ነበር።»

«ሊቀመንበሩም ይችሉ ነበር» አለ ከበደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማክሰኞ ሻምበሉ የእፀገነትን አምባር ይዞ ጋሽ ሙሄ ሱቅ ገባ። ወርቅ ሠሪን በወርቅ ሠሪ ማስመርመር የግድ ነበር፤ ተጠርጣሪ መሆናቸውን ግን አልረሳም። በሩ አጠገብ ተቀምጦ እጃቸውን ያይ ጀመር።

ጋሽ ሙሄ አምባሩን በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ አሹት፤ በቀረው መስመር ላይ አሲድ አንጠባጠቡ። መስመሩ አልጠፋም።

«ወርቅ ነው» አሉ። ከዚያ መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ከፍ ዝቅ አደረጉት። ፊታቸው ተቋጠረ። «ልቆርጠው?»

«ይቁረጡት።»

ከውስጥ በኩል፣ ሲለበስ በማይታይበት ቦታ፣ በቀጭን ሞረድ ገዘገዙት። ቢጫ ብናኝ ጉልበታቸው ላይ ባለው ቆዳ ላይ ዘነበ። ቀጥሎ ብናኙ ቀላ።

ጋሽ ሙሄ ሞረዱን አስቀመጡት። «መዳብ። ቆዳው ወርቅ፣ ሥጋው መዳብ ነው። ድንጋይ ላይ ቢያሹት መቼም አይታወቅም።»

«ባሕር ውስጥ ቢገባስ?»

«የወርቁ ቆዳ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ ጨው ይገባበትና መዳቡን ይበላዋል። አረንጓዴ ሆኖ ይፈርሳል።» ቀና አሉ። «ተስፌ ይህን አይሠራም። አንጠልጥለህ ብትገርፈው አይሠራም!»

ሻምበሉም እንዲሁ አስቦ ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ተስፋማርያም ራሳቸው ያጭበረበሩ ቢሆን ኖሮ፣ ከባሕር የመጣውን አምባር አጥበው አረንጓዴውን ባዩ ጊዜ ዝም ይሉ ነበር። እሳቸው ግን ስልክ አንስተው ሁለተኛውን አስመጡ። ማወቅ ፈልገዋል። ሱቁ ውስጥ ወርቁን የሚያቀልጥና የሚያነጥር ደግሞ ሌላ እጅ ነበር።

ይህ ግን ግምት ነው። ጽጌማርያም «እሳቸው አዝዘውኝ ነው» ቢል የሚመልስለት ሰው ሞቷል።

ጋሽ ሙሄ ሥራቸውን ጨርሰው ቆዳው ላይ የወደቀውን ብናኝ በብሩሽ ሰበሰቡ። ከዚያ ትንሽ መጥረጊያ አንስተው ከወንበራቸው ሥር ያለውን ወለል ጠረጉ። አቧራውን፣ ክሩን፣ የሲጋራ አመዱን ሳይለዩ ሁሉንም አፍሰው ጥግ ባለ እንስራ ውስጥ ጨመሩት።

«ቆሻሻውን ለምን እዚያ ያደርጉታል?» አለ ሻምበሉ።

«የወርቅ ቤት ጥራጊ አይጣልማ! ወርቅ አለበት። ሲሞላ ይታጠባል። ጀማሪ ሲገባ መጀመሪያ የምናስተምረው ይህንን ነው፤ እሳት ከመንፋቱም በፊት። ጥራጊ ደጅ የጣለ በጥፊ ይመታል።»

«ሁሉም እንስራ ውስጥ ነው የሚያደርገው?»

«እንስራ የኔ ነው። እያንዳንዱ የራሱ መደበቂያ አለው። እንኳን ለሌላ፣ ለጎረቤትም አይነገርም። ተስፌ የት እንደሚያደርግ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ሻምበሉ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ተነሳ።

በተስፋማርያም የሥራ ክፍል ውስጥ ከከበደ ጋር ሆኖ የጥራጊውን መደበቂያ ረጅም ጊዜ ፈለገ። ከወናፉ ጀርባ የለም፤ ከካዝናው ሥር የለም። በመጨረሻ ከበደ የሟቹን ወንበር ሲያነሳ ከሥሩ አንዱ የወለል ሳንቃ ላላ አለ። ከሳንቃው ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተቀብሯል።

ሻምበሉ ክዳኑን ከፍቶ ይዘቱን ሳይበጠብጥ አየ። ከላይ ነጭ አሸዋ። የጠርሙስ ስባሪ። የዛጎል ፍርፋሪ። አሸዋው አንድ ቦታ ቡናማ ሆኖ ተጋግሯል። ከበታቹ ያለው የወትሮው ጥራጊ ነው፤ ግራጫ፣ ክርና ብናኝ።

«ደም ነው» አለ ከበደ።

ሐኪሙም በማግስቱ ያንኑ አለ።

«አየህ፣ ከበደ፤ እንግዳ ሰው ቢገድላቸው ስባሪውን ሰብስቦ ደጅ ይጥለው ነበር። ሌላ ወርቅ ሠሪ ቢሆን ላለመጣል ይሞክር ይሆናል፤ ይህን ሳንቃ ግን አያውቀውም።»

«ሰው ገድሎ ማምለጫ ሲፈልግ ጥራጊ ያስቀምጣል? ጤነኛ ሰው ይህን ያደርጋል?»

«አስቦበት አይደለም። ስላላሰበበት ነው።»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጽጌማርያም ሱቁን እንዲከፍትላቸው ተጠርቶ መጣ። ሻምበሉ በእጁ የማርማላታ ጠርሙስ ይዟል፤ ከዓምደሚካኤል ክፍል የመጣ፣ አሸዋ የሞላበት። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

«ይህን የመሰለ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አለ ጽጌማርያም።

ሻምበሉ ካዝናውን ለማሳየት ዞር ሲል ክንዱ ጠርሙሱን ነካው። ጠርሙሱ ወድቆ ተሰበረ፤ አሸዋው በወለሉ ላይ ተረጨ።

«ይቅርታ! ቤቱን አበላሸሁት። ካፖርቴን ለብሼ ማጎንበስ አስቸገረኝ፤ ልታነሳልኝ ትችላለህ?»

ጽጌማርያም ጥግ ያለውን መጥረጊያና ማፈሻ ካርቶን አነሳ። ደህና አድርጎ ጠረገ፤ ከማዕዘን ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ካርቶኑ። ስባሪውን ከአሸዋው ጋር ካርቶኑ ላይ አፈሰ። የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቆሻሻ በርሜሉ ከደጃፉ ይታያል። ጽጌማርያም ግን ወንበሩን በእግሩ ገፋ አደረገ፣ ጎንበስ አለ፣ በግራ እጁ ሳንቃውን አነሳ።

እዚያ ቆመ።

ቀዳዳው ባዶ ነው። ቆርቆሮው ጣቢያ ነበር። አሸዋው ካርቶኑ ላይ መንሸራተት ጀመረ።

«ለምን ወደ ደጅ አልወሰድከውም?» አለ ሻምበሉ፣ በዝግታ።

«እጄ ነው» አለ ጽጌማርያም።

«እሑድም እጅህ ነበር።»

ጽጌማርያም ካርቶኑን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠና በተስፋማርያም ወንበር ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቦታው እሷ ነበረች።

«ከስብሰባው ሾልከህ ና አሉኝ። መንገዱ ባዶ ስለሚሆን ነው፤ ማንም ሳይሰማ ሊያናግሩኝ። አምባሩን አጥበው ጠረጴዛ ላይ አድርገውታል፤ ተበልቶ አረንጓዴ ሆኗል። 'ስንት ነው እንዲህ የሠራኸው?' አሉኝ። አላስታውስም አልኳቸው። እውነቴን ነው። የመጀመሪያው ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ መስሎኝ ነበር። 'ደንበኞቹን አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ ከኔ ካዝና እተካለሁ፣ ለመንግሥትም ራሴ አስታውቃለሁ' አሉ። የኢኮኖሚ አሻጥር ይባላል፤ ሰው የሚረሸንበት ነው። ስልኩን ሊያነሱ ሲሉ ገፋኋቸው። መግፋት ብቻ ነው። ጠርሙሱ ወደቀ፣ እሳቸውም ወደቁ።»

«አምባሩስ?»

«ቤቴ ነው። ጫማ ውስጥ።»

«ለምን ወንዝ አልጣልከውም?»

ጽጌማርያም ጥያቄው እንዳልገባው ሁሉ አየው። «ወርቅ አለበት እኮ» አለ።

ከበደ እጁን ይዞ ሲያስወጣው ጋሽ ሙሄ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ወደ ውስጥ ገብተው ሱቃቸውን ከውስጥ ዘጉት።

ሻምበሉ ግን ሥራውን አልጨረሰም። ገዳዩ ተገኝቷል፤ ሐሙስ ጠዋት ግን የሚመጣው ሰው የሚፈልገው ገዳዩን አልነበረም። መሣሪያውን በዓይኑ ሳያይ ሰው እንደማይለቅ ተናግሯል፤ መሣሪያውም ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ ረጅምና የሚያስፈራ ሆኖ ከነጆሮ ማዳመጫው ቆሟል።

ዓምደሚካኤልን አስጠራና በሩን ዘጋ። መሣሪያውንና አንድ ጠመንጃ መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ከነፍስ ግድያው ነፃ ነዎት። ምስክር ነዎት። ነገር ግን ይህንን ይፍቱት።»

ዓምደሚካኤል መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁን እንጨቱ ላይ አሳረፈ። «ሁሉንም?»

«እያንዳንዱን ሽቦ። ሲያልቅ ከየሬዲዮ ጠጋኙ ቤት የሚገኝ ዕቃ መምሰል አለበት።»

መፍታት ጀመረ። የጠመጠመውን ሽቦ ዙር በዙር እያስለቀቀ ድቡልቡል አደረገው። የተበየደውን በጥፍሩ ነቀለ። አንድ ጊዜ ብቻ ቆመና ትንሿን ማዞሪያ በጣቱ አሽከረከራት፤ ከባሕሩ ጨው ጋር ያስማማት የነበረች እሷ ናት። ከዚያ እሷንም ነቀላት።

«እንደገና መሥራት ይችላሉ?» አለ ሻምበሉ።

«እችላለሁ።»

«አይችሉም።»

ዓምደሚካኤል ቀና ብሎ አየው።

«አዎ፤ አልችልም» አለ።

ሐሙስ ባለካፖርቱ ሰው በሰዓቱ መጣ። ስለ ገዳዩ የተጻፈውን ሪፖርት ገለጥ ገለጥ አድርጎ መለሰው።

«መሣሪያው የታለ?»

«ይኸው» አለ ሻምበሉ።

ጠረጴዛው ላይ ጀርባ የሌለው የአሮጌ ሬዲዮ ሣጥን፣ የሽቦ ድቡልቡል፣ ሁለት ባትሪ፣ ረጅም እንጨትና የጆሮ ማዳመጫ ተደርድሯል። ሰውየው እንጨቱን አንስቶ አየ፤ አስቀመጠው። ሽቦውን በእርሳስ ነካ አደረገው።

«የቀበሌ ሰዎች ሪፖርት ላይ ያስፈሩኝ በዚህ ነው?»

«ፈርተው ነበር፣ ጓድ። ለፍተሻ ስለፈታነው ነው የማያስፈራው።»

«ማን ፈታው?»

«እኔ አስፈታሁት» አለ ሻምበሉ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

ሰውየው ወደ ዓምደሚካኤል ዞረ። «አንተ! ይህን መልሰህ መሥራት ትችላለህ?»

«አልችልም፣ ጌታዬ» አለ ዓምደሚካኤል። «መጀመሪያም በአጋጣሚ ነው የሠራው። አብዛኛው ያገኘሁት ቆርኪ ነው።»

ሰውየው ሽቦውን ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ የጆሮ ማዳመጫውን አንስቶ ገመዱን ጠቅልሎ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። «ይኼ ለሬዲዮ ይሆናል» አለና ወጣ። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ከክፍሉ የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

የሺዓለም በሩ ላይ ትጠብቅ ነበር። ወንድሟን ስታይ ምሳ ዕቃውን ከእጇ ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ሰው እንዳያያት ቶሎ ለቀቀችውና ነጠላዋን አስተካከለች። ሻምበሉ መስኮቱ ጋ ቆሞ ቁልቁል ሲወርዱ ተመለከታቸው። ዓምደሚካኤል ባዶ እጁን ነው፤ እያነከሰ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል ይሄዳል። ትንሽ እንደሄዱ ቀኝ ክንዱ፣ መሣሪያውን የያዘ ይመስል፣ ራሱን ችሎ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል። መንገደኞች ዞር እያሉ ያዩታል።

የሺዓለም እጁን ያዘችው።

«ተው፤ ሰው ያይሃል» አለችው። እሪ በከንቱ እስኪደርሱም አልለቀቀችውም።